ሰሜን ተራሮች በመስከረም፦ በጭቃው መንገድ እስከ ራስ ደጀን

ወደ ሰሜን ተራሮች ልሂድ ላለ ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ጥቅምት ይግባ፣ መሬቱ ይጥና»። ምክሩ ልክ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱም ይደርቃል። እኔና ጓደኛዬ ግን ሆን ብለን በመስከረም ሄድን። ተራራውን አረንጓዴ እንደለበሰ፣ ፏፏቴው ሞልቶ፣ ገደሉን ጉም እየሸፈነ ሲገልጠው ለማየት ነበር የፈለግነው። ዓመቱ ከተለወጠ ገና ሳምንት አልሞላም። ክረምቱ ወጣ ይባል እንጂ ከ3,000 ሜትር በላይ ገና አልወጣም ነበር።

ይህን በየማታው ድንኳን ውስጥ በባትሪ ብርሃን ጻፍኩት። ከተመለስኩ በኋላ ያቃናሁት ጥቂት ብቻ ነው።

እሑድ፦ ደባርቅ

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስፋልቱ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ የወገራን ደጋ እያቋረጠ ይወጣል። ግራና ቀኙ ገብስና ባቄላ ነው። መንገድ ዳር አደይ አበባ የያዙ ሕፃናት መኪና ባዩ ቁጥር ይሮጣሉ።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ነው። መግቢያ የሚከፈለውም፣ ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ)፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ የሚያዘውም እዚያው ነው። ያለ ስካውት ወደ ፓርኩ መግባት አይቻልም። የእኛ ስካውት ጠብመንጃውን በትከሻው ያንጠለጠሉ፣ አረንጓዴ ጋቢ የደረቡ ትልቅ ሰው ናቸው። ቦርሳችንን ሳይሆን ጫማችንን ነበር መጀመሪያ ያዩት። ሶሉን ገልብጠው አዩና «ይሄ ይይዛል» አሉ። ከዚያ ወደ ገበያው ላኩን። «ዱላ ግዙ። ባለ ብረቱን የፈረንጅ ዱላ ተዉት። የወይራ ዱላ።»

ገዛን። ለመላው ጉዞ የሚያስፈልገንን ትልቁን ዕቃ የነገሩን እሳቸው ናቸው።

ሰኞ፦ ከቡይት ራስ ወደ ሳንቃበር

ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ። ጠዋት በመኪና እስከ ቡይት ራስ ሄድንና ከዚያ በእግር ጀመርን። ዕቃው በሁለት በቅሎ ተጫነ። እኛ የያዝነው ውኃ፣ ቆሎ፣ የዝናብ ልብስና ሹራብ ብቻ ነው።

ጭቃው ጥቁር ነው። ከላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ሲረገጥ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ጓደኛዬ ከመንገዱ ወጥታ በሣሩ ላይ መሄድ ጀመረች። ሣሩ ንጹሕ ነው፣ አያንሸራትትም፣ ማንም ሰው የሚያደርገው ነው። ስካውታችን ቆሙ።

«ልጄ፣ በመሃሉ ሂጂ።»

«ጭቃ ነው እኮ ጋሼ።»

«ጭቃውማ ጭቃ ነው። አንቺ ዛሬ በዳር ከሄድሽ፣ ነገ ሌላው ካንቺ ዳር ይሄዳል። ሣሩ ይሞትና መንገዱ ሜዳውን ይበላዋል።»

ወደ ኋላ ዞረን ስናይ ያሉት ነገር በዓይን ይታይ ነበር። አንዱ ቦታ ላይ መንገዱ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ ግን ውኃ የሚተኛበት ቦታ ላይ አራት አምስት ጎን ለጎን የሄዱ መንገዶች ሆኗል። በመካከላቸው ሣር የለም። ጎርፉ እያንዳንዱን ቆፍሮ ቦይ አድርጎታል። ሰው ጫማዬ እንዳይቆሽሽ ብሎ የሸሸው ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ በመሃሉ ሄድን። ጫማ ደግሞ ይታጠባል።

አካሄዱንም እሳቸው አስተማሩን። እርምጃ ማሳጠር። ጉልበት ትንሽ ማጠፍ። ተረከዝን ቀድሞ አለመጣል፣ ሙሉውን እግር አንዴ ማሳረፍ። ዱላውን በቁልቁለት ከፊት፣ በወገብ መንገድ ላይ ደግሞ በላይኛው በኩል መትከል። በታችኛው በኩል የተከለ ሰው ዱላው ሲከዳው ገደል ይከተለዋል።

እኩለ ቀን ሳይሆን ጭላዳዎቹን አገኘናቸው። ከመቶ በላይ ይሆናሉ። ቁጭ ብለው በጣታቸው ሣር እየነጩ ይበላሉ። በዓለም ላይ በዋናነት ሣር በልቶ የሚኖር የዝንጀሮ ወገን እሱ ብቻ ነው። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ በዚያ ሁሉ አረንጓዴ መካከል ከሩቅ ይታያል። ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን ነፋስ ሲያነሳው ግርማቸው ያስፈራል፤ ለሰው ግን ግድም የላቸው። ሲመሽ ከነብርና ከጅብ ለመሸሽ ገደሉን ወርደው በጠባቧ የድንጋይ ደፍ ላይ ያድራሉ። እኛ አፋፉ ላይ በሆዳችን ተኝተን ወደ ታች ስናይ ዓይናችን የዞረበትን ገደል እናት ልጇን አዝላ ትወርደዋለች።

ሳንቃበር ስንደርስ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። 3,250 ሜትር ላይ ነን። ምግብ አብሳያችን በመንገድ የለቀመውን ጦስኝ ውኃ ውስጥ ጨምሮ አፈላልን። ከዚህ በኋላ ከተማ ውስጥ የምጠጣው ሻይ ሁሉ ይጎድለዋል።

ማክሰኞ፦ ጅንባርና ግጭ

ዛሬ በጉም ውስጥ ጀመርን። መንገዱ በአስታ ጫካ ውስጥ ነው። የአስታው ቅርንጫፍ ላይ ሽበት የሚመስል ረጃጅም የዛፍ ፀጉር (ላይክን) ተንጠልጥሏል፤ ከዚያ ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። አምጃው በቢጫ አበባ ደምቋል። ሥሮች መንገዱን አቋርጠው ስለሚሄዱ ጭቃው ላይ ደረጃ ይሠራሉ። ግን እርጥብ ሥር ከጭቃም የባሰ ነው። የተላጠ ሥር ከመርገጥ ጭቃውን መርገጥ ይሻላል።

የጅንባር ፏፏቴ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ወደ አፋፉ በሚወስደው ጠባብ ምላስ ላይ ወጣን። ምንም አይታይም። ነጭ ብቻ። ድምፁ ግን ከእግራችን በታች ነው። ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ ስካውታችንም «ይገለጣል፣ አትቸኩሉ» አሉ። ብዙ ቆይቶ ነፋስ ከታች መጣና ጉሙን ገፈፈው። ወንዙ ሙሉ ሆኖ 500 ሜትር ያህል ወደ ሚጠጋ ገደል ይወረወራል። ግማሽ መንገድ ላይ ውኃነቱን ትቶ ጭስ ይሆናል። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ተሸፈነ።

በበጋ የመጡ ሰዎች ያሳዩኝን ፎቶ አውቀዋለሁ። ቀጭን መስመር ነው። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ውኃ አላየሁም ይላል። ስለ ክረምት መንገድ ሰው ሲያስፈራራ ይህን አይነግርም።

ከፏፏቴው በላይ ወንዙን ተሻገርን። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ግን ጥርት ያለ ነው። ድንጋዩ ይታያል። ይህን ያዝኩት፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከወንዙ እስከ ግጭ ዳገት ነው። እዚህ ላይ ከፍታው ራሱን ማሳወቅ ጀመረ። ጓደኛዬን ራሷን አመማት። ማንም አልቸኮለም። ባለ በቅሎው በቅሎዎቹን ከፊት ሰድዶ ራሱ ከኋላዋ እየተራመደ «አይዞሽ እህቴ፣ ተራራው የትም አይሄድ» ይላታል። ወጣት ነው፤ የላስቲክ ጫማ ነው ያደረገው። በጣም ድጥ በሆነ ቦታ ያወልቀዋል። ጣቶቹን ጭቃው ውስጥ ነክሶ ያልፋል።

ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ያለ፣ ጓሳ የሚባለው ሣር የሸፈነው ሰፊ ሜዳ ነው። በሜዳው ላይ ጅብራዎች ቆመዋል። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ያድጋል፤ አንድ ጊዜ ረጅም አበባ ያወጣና ይሞታል። በጉም ውስጥ ሲታይ ሰው የቆመ ይመስላል።

ሜዳው ዳር የፈረሱ የድንጋይ ካቦች አሉ። ግጭ መንደር ነበረ። ሰዎቹ እዚህ ገብስ ይዘሩ፣ ከብት ያግዱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እንዲሠፍሩ ተደረገ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ከመጀመሪያዎቹ ቅርሶች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እርሻና ልቅ ግጦሽ ከምክንያቶቹ ውስጥ ነበሩ። ሣሩ አሁን ጉልበት ድረስ ነው፤ ማንም ያየዋል። ካቡ አጠገብ ቆሜ ግን ደስታዬ ሙሉ አልሆነም። አንድ ሰው የተወለደበትን ሜዳ ለዋልያና ለጭላዳ ለቆ ሲወጣ፣ የምናየው ውበት ውስጥ የእሱም ድርሻ አለበት። አስጎብኚዎች ይህን ካቡ ጋ ቆመው ለሰው ቢናገሩት መልካም ነው።

ሌሊቱ በረዶ ነው። ያለኝን ልብስ ሁሉ ለብሼ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ገባሁ። የድንኳኑ ደጃፍ ላይ ያስቀመጥኩት ጭቃማ ጫማ ጠዋት ደርቆ ሳይሆን ውርጭ ይዞት ነበር።

ረቡዕ፦ እሜት ጎጎ፣ እናትዬ፣ ጨነቅ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስካውታችን ድንኳኑን መቱ። «ተነሡ፣ ሰማዩ ተከፍቷል።»

ያለ ቁርስ ወጣን። ጓሳው ውርጭ ለብሶ ነጭ ነው። ጭቃው ራሱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ እግራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሥጋት ሄደ። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው። ከሜዳው ወጥቶ ወደ ባዶ አየር የተዘረጋ የድንጋይ አፍንጫ ነው። ጫፉ ላይ ሲደረስ በሦስት በኩል ገደል ነው።

ስለዚህ ቦታ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ከታች ቆላው ሙሉ በሙሉ በደመና ተሸፍኗል። ከደመናው ላይ አምባዎች ብቻ ወጥተዋል፤ አንዱ ሹል፣ አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ለብቻው የቆመ ዓምድ። ፀሐይ ከቧሂት ተራራ በስተጀርባ ስትወጣ መጀመሪያ የሹሎቹን አናት ነካች። ቀጥሎ ደመናው ቀላ። ቀጥሎ ደመናው ራሱ መንቀሳቀስ ጀመረና በየሸለቆው ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ ውስጥ በጣም ሩቅ ታች የእርሻ ማሳ ታየ። ገደሉ አንዳንድ ቦታ 1,500 ሜትር ያህል ይወርዳል። ያን ጥልቀት ዓይን አይለካውም። የሚያስለካው ድምፅ ነው። ከታች የዶሮ ጩኸት ሰማን። እውነት የዶሮ ጩኸት።

ይህ ሁሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። አለቱ በንብርብር ይታያል፤ እያንዳንዱ ንብርብር አንድ የፈሰሰ ጊዜ ነው። ቀሪውን ሥራ ውኃ ሠራው። እያንዳንዱ ክረምት ትንሽ ይወስዳል። ባለፉት ቀናት እግራችንን የያዘው ጥቁር ጭቃ ያው አለት ተፈጭቶ ከሣር ጋር የበሰበሰው ነው።

ከበላያችን አንድ ትልቅ አሞራ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ አለፈ። አጥንት ይዞ ወደ ላይ ወጥቶ አለት ላይ የሚለቀው፣ ሲሰበር ወርዶ የሚበላው ነው። ከእኛ በታች በረረ፤ ጀርባውን አየነው። የአሞራን ጀርባ ማየት የትም አይገኝም።

ከዚያ እናትዬ። 4,070 ሜትር። ፀሐይ ስትጠነክር ውርጩ ቀለጠ፤ መንገዱም ወደ ጭቃነቱ ተመለሰ። ከአራት ሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ይወጣ ጀመር። የተራራው ሕግ በዚህ ወቅት ይኼ ነው፤ ማለዳ የተነሣ ያያል፣ የዘገየ ነጭ ግድግዳ ያያል። በመስከረም የሚሄድ ሰው የእይታ ቦታዎቹን ሁሉ ከረፋዱ በፊት እንዲያዳርስ አድርጎ ቀኑን ማውጣት አለበት።

ከእናትዬ ወደ ጨነቅ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። እዚህ ላይ ዶፍ ያዘን። መንገዱ በአንድ ጊዜ ጅረት ሆነ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት እንዲህ ያለውን ነው። አስጎብኚያችን ከአንድ አለት ሥር አስገባን፤ ቆሎ እየቆረጠምን አሳለፍነው። ጨነቅ የገባነው ልብሳችን ተጨምቆ ነው። ረቡዕ ነውና ማታ ሽሮ ከድንች ጋር ነበር፤ ድስቱን አጸዳነው።

ሐሙስ፦ ቧሂትና መሸሃ

ጨነቅ የዋልያ ሀገር ነው። ገና ከካምፑ ወጣ እንዳልን ከገደሉ ጠርዝ ላይ ሰባት ያህል አየን። ወንዶቹ ቀንዳቸው ወደ ኋላ ተቆልምሞ ጀርባቸው ላይ ሊደርስ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ ሌላ የለም። ብሔራዊ ቡድናችን በስሙ ይጠራል፤ አብዛኞቻችን ግን አላየነውም። እኔም እስከዚያ ጠዋት አላየሁትም ነበር። እርጥቡ ድንጋይ ላይ እኛ በዱላ በምንንቀጠቀጥበት ፍጥነት ሳይሆን በሩጫ ይወርዳል።

የቧሂት ዳገት ትንፋሽ ይቆርጣል። ስካውታችን ፊት ፊት እየሄዱ አንድም ጊዜ አልተቀመጡም፤ ደግሞም አንድም ጊዜ አልፈጠኑም። አካሄዳቸው ሜዳ ላይም ዳገት ላይም ያው ነው። እኛ ሮጠን እናርፋለን፣ ሮጠን እናርፋለን። ዞረው አዩንና «እያወራችሁ ሂዱ። ማውራት ያቃታችሁ ጊዜ ፈጥናችኋል ማለት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ እያወራን ወጣን።

ጫፉ 4,430 ሜትር ነው። በረዶ ጣለብን፤ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል። ማዶ ራስ ደጀንን ለማየት የነበረን ተስፋ አልተሳካም። ቶሎ ወረድን።

ከቧሂት ማዶ ሌላ ሀገር ነው። ጓሳው አለቀና እርሻ ጀመረ። በጭሮ ለባ በኩል እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ የሚወርደው ተዳፋት ሁሉ ገብስ ነው። ሰው ሊቆምበት የሚቸግረው ቦታ ላይ ሁሉ ታርሷል። ጭቃውም ተለወጠ፤ ጥቁሩ ቀርቶ ቡናማ፣ የሚያንሸራትት፣ ጫማ ላይ ተጣብቆ የሚከብድ ሆነ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሰዓታት ፈጀብን።

መንገዱ ግን ሰው አልጎደለበትም። ይህ የእግረኛ መንገድ ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ገብስ የጫነች አህያ ነድታ የምትወጣ እናት አገኘን፤ «እንኳን አደረሳችሁ» አለችን። ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ የያዙ ተማሪዎች አለፉን፤ ባዶ እግራቸውን እየሮጡ። እኛ ለአንድ ሳምንት የመጣንበትን ጭቃ እነሱ በየቀኑ ይሄዱበታል። አንዷ ልጅ ቆማ ዱላዬን አየችና እጇን ዘረጋችልኝ። ያለ ምንም ንግግር እስከ ሜዳው አወረደችኝ። እንደ ጨረሰች ሮጣ ጓደኞቿን ደረሰችባቸው።

መሸሃ ሞልቷል። እዚህ ላይ ነው የጅንባርን ውኃ ያስታወስኩት። ጅንባር ከሣር ሜዳ ነው የሚወርደው፤ ጥርት ያለ ነው። መሸሃ ከእርሻ ነው የሚወርደው፤ ቡናማ ወፍራም ውኃ ነው። የሚሄደው የገበሬው አፈር ነው። ወደ ተከዜ ይወርዳል። አንዳንዱ ማሳ ላይ እርከን ተሠርቷል፤ እሱ ያለበትና የሌለበት ከሩቅ ይለያል። እርከን ያለው ማሳ ገብሱ ዝቅ ብሎም ከፍ ብሎም እኩል ነው። የሌለው ማሳ ከላይ በኩል ድንጋዩ አግጧል። ስለ አፈር መሸርሸር ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ወንዙ ዳር ቆሜ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ የአንድ ሰው የከርሞ እንጀራ እያየሁት አለፈ።

ባለ በቅሎው ዱላውን ይዞ ብቻውን ገባ። ውኃው ጭኑ ድረስ ነው። መሃል ላይ ቆሞ አዳመጠ። ተመልሶ «እንጠብቅ፣ ይጎድላል» አለ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተቀመጥን። ዝናቡ ከላይ ካቆመ ወንዙ እንደሚወርድ ያውቃል፤ ዳር የተከለውን ድንጋይ እያየ ይለካው ነበር። ከዚያ ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ ፊታችንን ወደ መጣው ውኃ አዙረን፣ በአግድም ተሻገርን። ጫማ አላወለቅንም፤ ከታች ድንጋይ ይንከባለላል።

አምቢቆ መንደር ስንደርስ መሽቷል። የማን ቤት እንደሆነ እንኳ ሳናውቅ ጠላ መጣልን።

ዓርብ፦ ራስ ደጀን

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሣን። በባትሪ ብርሃን ዳገት። ስለዚህ ቀን ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ መውጣት፣ መውጣት፣ መውጣት ነው። ጓደኛዬ ራስ ምታቷ ተሽሏት ከእኔ ቀድማ ትሄዳለች። ከፍ እያልን ስንሄድ ገብሱ ቀረ፣ ቀጥሎ ጓሳው ቀረ፣ ቀጥሎ ጅብራና አለት ብቻ ሆነ። ጭቃውም ቀረ። ጠጠር ነው።

የመጨረሻዋ ጥቂት ሜትር በእጅ ይዞ የሚወጣበት አለት ነው። እርጥብ ስለነበረ ስካውታችን ጠብመንጃቸውን ለአስጎብኚው ሰጥተው ከሥር ሆነው እግራችንን እያስቀመጡ አወጡን። ከ4,500 ሜትር በላይ ነን። በሀገራችን ከዚህ የሚበልጥ ቦታ የለም።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ስለደረስን ሰማዩ ተከፍቶ ነበር። ወደ ምዕራብ ቧሂት፣ ከሱ ማዶ የመጣንበት አፋፍ። ወደ ደቡብ የጃናሞራ ደጋ። ስካውታችን በዱላቸው እያመለከቱ «ደረስጌ ማርያም በዚያ በኩል ናት» አሉ። የሰሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት፣ በ1847 ዓ.ም. ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ቦታዋን ከሩቅ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። የዚያ ዘመን ሠራዊት ይህን ተራራ በክረምት ጭቃ ውስጥ አላለፈም፤ ክረምት ሲገባ ዘመቻ ይቆም ነበር። ገበሬውና በቅሎው ግን አላቆሙም።

ሠላሳ ደቂቃ ቆየን። ጉሙ ሲነሣ ወረድን።

ቅዳሜ፦ ወደ ጭሮ ለባ

መሸሃ ዛሬ ጉልበት ድረስ ነው። መኪናችን ጭሮ ለባ ድረስ እንዲመጣ ተነጋግረናል፤ ስለዚህ የቀረው የሐሙሱን ቁልቁለት መውጣት ነው።

ዳገቱ ወገብ ላይ ቃሬዛ ደረሰብን። ስምንት ወንዶች ናቸው፤ አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ለመተካት ይከተላሉ። ጋቢ የተሸፈነች ሴት ናት። ምጥ ይዟት አላላውስ ብሏት ወደ መኪና እየወሰዷት ነው። እኛ ለሰዓታት የምናስበውን ድጥ ባዶ እግራቸውን በፍጥነት ይወጡታል። ከፊት ያሉት ሁለቱ በጣታቸው መሬቱን እየነከሱ፣ ከኋላ ያሉት ቃሬዛውን ወደ ትከሻቸው ከፍ አድርገው ደረጃውን እያስተካከሉ። ማንም «ተጠንቀቁ» አላለም፤ ትከሻ ሲቀያየሩ እንኳ ቃሬዛው አልተናወጠም። ከመንገድ ወጥተን ጭቃው ውስጥ ቆምን። ስካውታችን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ማርያም ታውጣሽ!» አልን ሁላችንም።

ጭሮ ለባ ስንደርስ የእኛ መኪና አልነበረም። ሹፌሩ ስምንቱን ሰዎች አግኝቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ሴትዮዋን ይዞ ወደ ደባርቅ ሄዷል። አስጎብኚያችን ይህን ሲነግረን ሊያስረዳን ጀምሮ ነበር፤ ጓደኛዬ ግን አላስጨረሰችውም። «ደግ አደረገ» አለችው።

ማታ ጭሮ ለባ አደርን።

እሑድ

መኪናው ጠዋት ተመለሰ። ሹፌሩ ገና ከመስኮቱ «ወንድ ነው! ሁለቱም ደህና ናቸው!» ብሎ ጮኸ። መንደሩ እልል አለ። ከዚያ የቧሂት በር ላይ ራሱ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀበረ፤ ከላይም ከታችም የመጡ ሰዎች ከጎማው ሥር ድንጋይ እየደረደሩ አወጡን። ገንዘብ ስናወጣ እንቢ አሉ። አንደኛው «ትናንት የወሰዳት እሱ አይደል?» አለ።

በመስከረም ለመሄድ ለምታስቡ፦ የወይራ ዱላ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ፣ ሁለት ሙሉ ቅያሪ ካልሲ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጓንት፣ ኮፍያ። ለመሸሃ የሚሆን ተጨማሪ ቀን ያዙ፤ ወንዙ ከሞላ መጠበቅ እንጂ መድፈር የለም። ለስካውቱና ለባለ በቅሎው የዝናብ ልብስ ይዛችሁ ብትሄዱ ከጉርሻ በላይ ይጠቅማቸዋል። ጭቃው ላይ ስትደርሱ ደግሞ በመሃሉ ሂዱ።